የታጠበ ጋንና የታጠበ ቱቦ

ምጥ የጠናባት የአቦቦ ሴት ለኦፕራሲዮን ወደ ጋምቤላ ከተማ ስትወሰድ፣ ከ40 ኪሎ ሜትር በሚበልጠው በዚያ መንገድ አብረዋት የሚጓዙት ዘመዶቿ የሚጨነቁት ስለሚፈሰው ደሟ፣ ስለ ሐኪሙ እጅና ስለ ሕፃኑ እንጂ፣ በኦፕራሲዮኑ ክፍል ከራስጌዋ ስለሚቆመው የሰመመን ማሽንና ከእርሱ ስለሚወጣው ቱቦ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዘው የጀርባ መርፌ ይበቃታል። ነገር ግን ደሟ ብዙ ከፈሰሰ፣ ወይም የእርግዝና ደም ግፊት ከሚያመጣው መንቀጥቀጥ የተነሣ ራሷን ከሳተች፣ የሰመመን ባለሙያው ፈጽሞ ሊያስተኛት ግድ ይሆንበታል፤ በዚያን ጊዜም ከእርሷ በፊት ሌላ ሕሙም በተነፈሰበት ቱቦ ትተነፍሳለች።

ያን ቱቦ ከአገልግሎት በኋላ አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያቀና ሰው ነገሩን በዐይኑ ያያል። ቱቦው እንደ አኮርዲዮን የተሸነሸነ ነው፤ ከሳንባ የሚወጣው ሙቅና እርጥብ እስትንፋስ ከቀዝቃዛው ግድግዳ ጋር ሲገናኝ እንደ ጠዋት ጤዛ ጠብ ጠብ ብሎ በየሽንሽኑ ያድራል፤ ከጤዛውም ጋር ምራቅ፣ አክታ፣ አንዳንዴም ጉሮሮ ሲነካ የደማ ጠብታ ይኖርበታል። ለረቂቃን ተሕዋስያን ከዚህ የተመቸ ማደሪያ አይገኝም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ በአንድ ቀን ተራ በተራ ኦፕራሲዮን የተደረጉ ሕሙማን ሄፓታይተስ ሲ የተባለው የጉበት በሽታ ተላልፎባቸው ሲገኝ፣ ጥርጣሬው የወደቀው በሰመመኑ መተንፈሻ ቱቦ ላይ ነበር። ባለጸጎቹ አገሮች ዛሬ ቱቦውን አንድ ጊዜ ተገልግለው ይጥሉታል፣ ወይም በአፉ ላይ የሚገባውን ማጣሪያ ለእያንዳንዱ ሕሙም እየለወጡ ቱቦውን ለጥቂት ቀናት ያቆዩታል። እኛ ዘንድ ግን እንዲጣል የተሠራው እንኳ ታጥቦ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ይህን እንደ ነውር ብቻ መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል፤ ሌላ ቱቦ የሌለው ባለሙያ ደሟ እየፈሰሰ ያለችውን እናት መልሶ አይሸኛትምና። መጠየቅ የሚገባው አስተጣጠቡ ነው።

መልሱንም ጠላ የምትጠምቅ እናት ታውቀዋለች። ጋኗን በግራዋ ፈትጋ ሳታጥብ በወይራ አታጥንም፤ አተላ የደረቀበት ጋን ቢታጠን ጢሱ ከላይ ከላይ ያልፋል እንጂ ከአተላው ሥር አይደርስም። በሆስፒታልም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ቱቦው፣ ጭንብሉና የአየር ከረጢቱ ተፈታትተው አስቀድመው በሳሙናና በውሃ፣ በረጅም ብሩሽ መታሸት አለባቸው፤ ተሕዋስያንን የሚገድለው ነገር፣ ይኸውም 20 ደቂቃ መቀቀል፣ ወይም 2 ከመቶ በሆነ ግሉታራልዴሃይድ መዘፍዘፍ፣ ወይም ለሚችለው ዕቃ የአውቶክሌቭ እንፋሎት፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ብዙዎች ግን ሳያጥቡ በፊት በበረኪና መዘፍዘፉን እንደ ዋና ሥራ ይቆጥሩታል፤ ደምና አክታ የበረኪናውን ኃይል ይሰብሩታል፣ በረኪናውም በበኩሉ የብረት ዕቃን ይበላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይህን ልማድ አይመክርም። ግሉታራልዴሃይድም በደንብ ካልተለቀለቀ የቀረው ቅሪት የሕሙሙን ጉሮሮና ሳንባ ያቆስላል።

የሚዘነጋው ማድረቁ ነው። በክረምት በደፈረሰ የወንዝ ውሃ፣ መብራትም በሚቋረጥበት ሁኔታ ንጹሕ ውሃ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ ታጥቦም እርጥቡን የተጠቀለለ ቱቦ ለቀጣዩ ቀን ተሕዋስያን ሲያራባ ያድራል። አንጠልጥሎ፣ ውሃው ጠፈፍ እስኪልና ውስጡ እስኪደርቅ ጠብቆ፣ ንጹሕ ጨርቅ አልብሶ ማስቀመጥ ይገባል። ጉሮሮ የሚታይበት የላሪንጎስኮፕ ምላስ ታጥቦ እጀታው ሳይታጠብ የሚቀርበትም ጊዜ ብዙ ነው፤ ጓንት የለበሰው ያው እጅ ግን ከአፍ ወደ እጀታው፣ ከእጀታውም ወደ ማሽኑ ቁልፎች ይመላለሳል።

ጋምቤላ ይህን ሁሉ ቸል የምትልበት ሁኔታ የላትም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ ከፍ ያለው የኤች አይ ቪ ስርጭት፣ 4.8 ከመቶ፣ የተመዘገበው በዚሁ ክልል ነው። ኤች አይ ቪ በእስትንፋስ አይተላለፍም፤ በእስትንፋስ የሚተላለፈው የሳንባ ነቀርሳ ግን በኤች አይ ቪ የተዳከመን ሰውነት ይመርጣል። ስለዚህ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሕሙም ኦፕራሲዮኑ ሊዘገይ የሚችል ከሆነ ታክሞ በሽታውን ማስተላለፍ እስኪያቆም ይጠበቃል፤ ካልሆነም ማጣሪያ ተገብቶለት የቀኑ መጨረሻ ተረኛ ይሆናል።

በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖች ለትውልድ አገራችሁ ሆስፒታል የሰመመን ማሽን ለመላክ ስታዋጡ፣ ከማሽኑ ጋር ለአንድ ዓመት የሚበቃ ማጣሪያ፣ ትርፍ ቱቦና ረጃጅም ብሩሽ በዚያው ሣጥን ጨምሩ።