ስለ ቡና ተክልና ስለ ገበሬው የሁለት ዓመት ችግር

ቡና የኢትዮጵያ ሀብት መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ሀብቱን እያመሰገንን የሚደክምበትን ገበሬ የረሳን እንደ ሆነ፥ ፍሬውን ወዶ ሥሩን እንደ መጣል ይቆጠርብናል።

አረቢካ የሚባለው የአገራችን ቡና ለዘብ ያለ አየር እንጂ ብርቱ ሙቀት አይስማማውም። ሙቀት ሲበዛ ፍሬው በሚገባ ሳይጠነክር ፈጥኖ ይቀላል፤ ዝናቡም ጊዜውን የሳተ እንደ ሆነ አበባው ይጎዳል። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ሊቃውንት በ2009 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት እንደ ተገለጠው፥ አንዳች ነገር ካልተደረገ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት ምድር ከመቶው ከ39 እስከ 59 የሚሆነው፥ በአውሮጳውያን አቆጣጠር እስከ 21ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ድረስ ለቡና የማይስማማ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ቡናው ወደ ደጋው ከፍ እያለ ቢተከልና ደኑ ቢጠበቅ፥ የሚስማማው ምድር ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችል ይኸው ጥናት ያስረዳል።

ለገበሬው የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፤ ይኸውም እንደ ዋንዛና እንደ ሰሳ ያሉትን የጥላ ዛፎች እንዲተክል፥ የቡናውን ሥር በቅጠልና በሣር እንዲያለብስ፥ ያረጀውንም ቡና እንዲጎነድል ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቡና እንደ ጤፍ በያመቱ የሚዘራ አይደለም። አዲሱ ችግኝ የሚያፈራው ከሦስት እስከ አራት ዓመት ቆይቶ ነው፤ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ቀርቶለት የተጎነደለውም ሁለት ዓመት ያህል ምርት አይሰጥም። በዚህ መካከል ገበሬው ልጆቹን በምን ይመግብ? ግብሩንስ በምን ይክፈል? ስለዚህ ምክሩን ሰምቶ ያልፈጸመውን ሰው ሰነፍ ነው ማለት አይገባም። በሐረርጌ ብዙ ገበሬዎች ቡናቸውን ነቅለው ጫት የተከሉት፥ ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ተለቅሞ ገንዘብ ስለሚያስገኝላቸው ጭምር ነው።

በ1963 ዓ.ም. ገደማ የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ፥ የጅማ የምርምር ጣቢያ በሽታውን የሚቋቋሙ ዘሮች ከገዛ ቡናችን መካከል መርጦ ለገበሬው እንዲታደሉ አድርጓል። የዛሬው ችግር ግን በዘር ብቻ አይፈታም፤ የጥበቃውንም ዘመን መሸፈን ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሹማምንት ገበሬው ማሳውን በሙሉ ሳይሆን ተራ በተራ እየከፈለ እንዲጎነድል፥ በመካከሉም ቦሎቄ እንዲዘራ፥ ችግኙ ከክረምት አስቀድሞ እንዲደርሰው፥ ምርት እስኪያገኝም ብድር እንዲሰጠው ቢያስቡ መልካም ነው። ካህናትም በዘጌ ገዳማት ዙሪያ ቡና በደን ጥላ ሥር ሲለማ መኖሩን ምሳሌ አድርገው፥ ዛፍ እንዳይቆረጥ ሕዝቡን ቢመክሩ ቃላቸው ይሰማል። ዛፍ ትከል ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ዛፉ እስኪያፈራ ድረስ ተካዩን ማኖር ግን የመንግሥትና የወገን ሥራ ነው።