«አል» ከየት መጣች?

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም።

በዛሬው ዝግጅታችን ልጆቻችን በትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የሚማሯቸውን የጥቂት ቃላት ትርጉምና አመጣጥ እንመለከታለን።

አልጀብራ፣ አልጎሪዝም፣ አልካላይ፣ አልኮል፤ እነዚህ ቃላት ሁሉም መነሻቸው ዐረብኛ ነው። በመጀመሪያቸው ያለችው «አል» ቁርኣን የቀራ ሕፃን ሁሉ ያውቃታል። አማርኛ «መጽሐፉ» ሲል መጨረሻ ላይ የሚቀጥለውን፣ ዐረብኛ «አል-ኪታብ» ብሎ ከፊት ያስቀድመዋል። አውሮፓውያን ቃላቱን ሲወስዱ «አል»ን የቃሉ አካል አድርገው አስቀሯት።

«አል-ጀብር» ማለት የተሰበረን መጠገን፣ የጎደለን መሙላት ማለት ነው። ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (813–833 እ.ኤ.አ.) በባግዳድ የሒሳብ መጽሐፉን በዚህ ቃል ሰየመው። መጽሐፉ በ1145 እ.ኤ.አ. በስፔን ወደ ላቲን ተተረጎመ። ዛሬ ኮምፒውተር የሚሠራበት «አልጎሪዝም» የተባለው ስልትም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዓሊም መጠሪያ ነው።

«ዜሮ» ደግሞ «ሲፍር» ከሚለው የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ባዶ» ነው። አኃዙን ሙስሊሞች ከህንዶች ተማሩት፤ አል-ኸዋሪዝሚም የህንዶች መሆኑን ገልጾ ጽፎበታል። የሌላውን ድርሻ አለመካድ የዒልም አደብ ነው።

«አልኮል» እናቶቻችን ዓይናቸውን ከሚኳሉት ኩል ጋር አንድ ነው፤ «አል-ኩሕል»። በአውሮፓ በመጀመሪያ ለላመ ዱቄት ሁሉ፣ ኋላም ተነጥሮ ለሚወጣ ነገር መጠሪያ ሆነ፤ በመጨረሻም ለመጠጡ ቀረ። ስሙ ዐረብኛ መሆኑ ግን ሑክሙን አያቀልለውም፤ የሚያሰክር ሁሉ ሐራም ነው።

ይሁንና በ«አል» የጀመረ ሁሉ ዐረብኛ ነው ማለት ስሕተት ነው። «አልፋቤት» አልፋና ቤታ ከተባሉት የግሪክ ፊደላት የመጣ ነው። ሳያጣሩ መናገር ለዲናችን ክብር አይጨምርም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! እነዚህ ቃላት የቀደምቶቻችን ሥራ ምስክር ናቸው እንጂ የእኛ ዲፕሎማ አይደሉም። አንዳንድ ወላጅ «ሒሳብ የዱንያ ነው» ብሎ ልጁን በመድረሳ ብቻ ይወስናል፤ ሌላው ደግሞ ለፈተና ይዘጋጅ ብሎ ከመድረሳ ያስቀረዋል። የአል-ኸዋሪዝሚ የአልጀብራ መጽሐፍ ሰፊ ክፍል ግን የውርስና የኑዛዜ ስሌት ነው። ዲኑና ሒሳቡ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ነበሩ።

ዛሬም ሰው ሞቶ ንብረቱ ሲከፋፈል፣ የሚራስን አያ በቃሉ የያዘ ነገር ግን ስድስተኛንና ስምንተኛን መደመር ያልቻለ ሰው የየቲምን ሐቅ ሊያጎድል ይችላል። ክፍልፋይ አስልቶ ሑክሙን የማያውቅም እንዲሁ ነው። ልጆቻችንን ሁለቱንም እናስተምራቸው።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።