«ዝንፈት» እና «መልቀቅ»፦ ስለ ቪዲዮ ቀለም ሁለት ስያሜዎች

«ቀለም» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሰፊ ነው፤ መጻፊያውንም፣ ለዓይን የሚታየውን መልክም፣ ትምህርትንም ያመለክታል። በብራና መጻሕፍታችን የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋልና ቀይነቱ ራሱ ትርጉም አለው። በደብረ ታቦር አድባራት ወይም የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በጋይንት ቤተልሔም እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በቪዲዮ ቀርጾ ለማቆየት የሚሻ ሰው፣ «ጉድለት አልባ» ከሚባሉት ኮዴኮች አንዱን፣ ለምሳሌ ኤፍ ኤፍ ቪ 1ን፣ ይመርጥ ይሆናል። ቅጂውን ሲመለከት ግን ቀዩ ወደ ብርቱካንማ አዘንብሎ ሊያገኘው ይችላል። ታዲያ ስያሜው ሐሰት ነውን?

አይደለም። ጉድለት አልባ ኮዴክ የተቀበለውን ቁጥር እንደ ተቀበለ ይመልሳል፤ ከእርሱ በፊትና በኋላ ለሚሆነው ግን ዋስ አይደለም።

ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ሳይሆን በአንድ የብርሃን መጠንና በሁለት የቀለም ልዩነቶች ነው። የመለወጫው ቀመር ግን አንድ ብቻ አይደለም። ቀይ ለብርሃኑ መጠን በቢ ቲ 601 ቀመር 0.299፣ በቢ ቲ 709 ደግሞ 0.2126 ያዋጣል። በ601 የተለወጠውን ማጫወቻው በ709 ቢፈታው ቀዩ ወደ ብርቱካንማ ያዘነብላል፤ አረንጓዴውም በመጠኑ ይጨልማል። እንደዚሁም ከ16 እስከ 235 ባለው ክልል የተጻፈው ከ0 እስከ 255 እንደ ተጻፈ ተቆጥሮ ቢነበብ ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል። በሁለቱም ሁኔታ ቁጥሩ አልጠፋም፤ በፋይሉ ላይ ያለው የቀለም መግለጫ ሲታረም መልኩ ይመለሳል። ይህን «የቀለም ዝንፈት» ብንለው ተገቢ ነው።

ሌላው ጥፋት ከዚህ ይለያል። በ4፡2፡0 አቀማመጥ ለአራት የምስል ነጥቦች የሚያዘው የቀለም መረጃ የአንድ ነጥብ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የቀጭኑ ቀይ ፊደል ጠርዝ ይደበዝዛል። ወደ ኮዴኩ ሳይደርስ የተጣለውን መረጃ ኮዴኩ ሊመልሰው አይችልም። ጨርቅ ሲታጠብ «ቀለሙን ለቀቀ» እንደሚባል፣ ይህን «የቀለም መልቀቅ» እንለዋለን።

ስለሆነም መርማሪው በመጀመሪያ ወደ ኮዴኩ የገባውንና ተፈትቶ የወጣውን ምስል ቁጥር በቁጥር ያነጻጽር። እኩል ከሆኑ ኮዴኩ ነጻ ነው፤ ቀጥሎ ቀመሩንና ክልሉን፣ በመጨረሻም የነጥቦቹን አቀማመጥ ይመልከት። ይህ ሁሉ ሳይጣራ፣ «ጉድለት አልባ» የሚለውን ቃል ብቻ አምኖ የመጀመሪያውን ቅጂ መደምሰስ አይገባም። የዘነፈው ይቃናል፤ የለቀቀው ግን ከመጀመሪያው ቅጂ በቀር መመለሻ የለውም።