ከምቱ ቀድሞ የሚያይ

በጎጆም ሆነ በአምቦ ፑል የሚጫወት ወጣት ስኑከርን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ጠረጴዛው ይረዝማል፤ 3.6 ሜትር ያህል ነው። ኳሶቹ 22 ናቸው፦ 15 ቀይ፣ 6 ሌላ ሌላ ቀለም ያላቸው፣ አንዲት ነጭ። ቀይ ያስገባ ተጫዋች ቀጥሎ ባለ ቀለም ይመታል፣ ከዚያ ተመልሶ ቀይ። ቀይ 1 ነጥብ ታስገኛለች፣ ጥቁሯ 7። ኳስ መግባቷን ተመልካቹ በዓይኑ ያያል። ታዲያ ማይክሮፎን ይዞ ጨዋታውን የሚተነትነው የቀድሞ ተጫዋች ምን ሊነግረው ነው?

የሰሜን አየርላንዱን ተጫዋች ዴኒስ ቴይለርን እንመልከት። ዓይኑ መነጽር ይፈልግ ነበር። የስኑከር ተጫዋች ግን አገጩ ዱላውን እስኪነካ ጎንበስ ብሎ፣ ከቅንድቡ ሥር ሽቅብ እያየ ነው የሚያነጣጥረው፤ በተለመደው መነጽር ከሆነ እይታው ከመስተዋቱ በላይ ያልፋል። በ1983 እ.ኤ.አ. ጃክ ካርነም መስተዋቱ ሰፊና ወደ ላይ ከፍ ያለ መነጽር ሠራለት። ካርነም የቢሊያርድ ተጫዋች የነበረና በኋላ የቢቢሲ ተንታኝ የሆነ ሰው ነው። ያን ጉንበሳ በገዛ አንገቱ የሚያውቅ ሰው ባይሆን ኖሮ መፍትሔው የሚታየው አይመስለኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቴይለር በሼፊልድ ከተማ ለዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ከስቲቭ ዴቪስ ጋር ገጠመ። ዴቪስ በዙሮች 8 ለ 0 መራ። ቴይለር እየተከተለ 17 ለ 17 ደረሰ። የመጨረሻው ዙር ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። አራት ኳሶች ሲቀሩ ዴቪስ 62፣ ቴይለር 44 ነጥብ ነበራቸው። ቴይለር ቡናማዋን፣ ሰማያዊዋን፣ ሮዟን አስገብቶ 59 አደረሰ። ጥቁሯ ብቻ ቀረች። ሁለቱም ደጋግመው ሳቱ። በመጨረሻ ዴቪስ ጠርዟን ብቻ መንካት የነበረበትን ኳስ ከሚገባው በላይ በስሱ ነካት፤ ቴይለር ተነሥቶ አስገባት። በብሪታንያ 18.5 ሚሊዮን ሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይህን ይከታተል ነበር። ቴይለር በጠቅላላው የፍጻሜ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የመራው በዚያች ምት ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ተንታኝ ሲሆን፣ ቀላል የምትመስል ኳስ ለምን እንደምትሳት ያውቃል። ክንድ ሲደነድን፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ለሁለት ቀን ያልሳተ እጅ በአንዲት ኳስ ላይ እንዴት እንደሚከዳ አይቶታል። ከዚህ የተነሣ ጥሩ ተንታኝ በትልቁ ምት ላይ ዝም ይላል፤ ጭንቀቱ በተጫዋቹ ፊት ላይ እየታየ ቃል ቢጨምር ያበላሸዋል። የሚናገረው ከምቱ በፊት ነው።

በዚህ በኩል የ1979ኙ የብሪታንያ ሻምፒዮን ጆን ቨርጎ የታወቀ ነው። ተመልካቹ ዓይኑን ቀዳዳው ውስጥ በምትገባዋ ኳስ ላይ ሲያሳርፍ፣ ቨርጎ ግን ነጯ ወዴት እየሄደች እንደሆነ ጮክ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጥቁሯ ገብታ ነጯ ከግድግዳው ተለጥፋ ብትቀር ወይም ተከትላ ቀዳዳው ውስጥ ብትወድቅ፣ የተገኘው 7 ነጥብ ወይ ብቻውን ይቀራል ወይ ይሰረዛል፤ ቀጣዩ ቀይም ለተጋጣሚው ሊሆን ይችላል።