«ከሴት ጋር አልጫወትም» ማለትን ማን አስተማረው?



አንድ ቀን አንዲት እናት ወደ ቢሯችን መጡ። እስራኤል ከገቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ስለ ቤት ወይም ስለ ኡልፓን ሊያነጋግሩን የመጡ መስሎን ነበር፤ የእርሳቸው ጭንቀት ግን የስምንት ዓመት ልጃቸው ነበር።

«አገር ቤት ሳለን ከእኅቱ ተለይቶ አያውቅም። ውኃ ሲቀዱ አብረው ነበሩ፤ ሲጫወቱም አብረው። አሁን በአንድ ሶፋ ላይ አብሯት አይቀመጥም። ‹ሴት ናት፣ ትቀፈኛለች፣ አትንካኝ› ይላል። ስቆጣው ‹በቴሌቪዥንም እንዲህ ነው› ይለኛል። ይህ የአገሩ ሥርዓት ነው ወይ?» ሲሉ ጠየቁን። አባትየው ነገሩን ስቀው አልፈውታል። እኅቲቱ ግን አሥር ዓመቷ ነው፤ ማታ ማታ እያለቀሰች መተኛት ጀምራለች።

በዕብራይስጥ ኦቭዲም ሶሲያሊም የምንባለው እኛ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች በዚህ ጥያቄ ላይ ተወያየን። በዓለም ዙሪያ የታወቁ፣ ለብዙ የቤተሰብ ድራማዎችም አርአያ የሆኑ ጥቂት የቆዩ የአሜሪካ አስቂኝ ድራማዎችን አነሣን። በእነዚህ ድራማዎች ውስጥ ወንድና ሴት ልጆች እንዴት ይተያያሉ? ያገኘነውን እነሆ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1963 የታየው «ሊቭ ኢት ቱ ቢቨር» ነው። አባት፣ እናትና ሁለት ወንዶች ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ነው። የታናሹ ቅጽል ስም ቢቨር ይባላል። ቢቨር ስለ ሴት ልጆች ሲነሣ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ተመልካቹም ይስቃል። ነገር ግን በ1958 የታየውን አንድ ክፍል ልብ ብለን እንይ። ቢቨር ሊንዳ ከምትባል ልጅ ጋር ዛፍ ላይ ተቀምጦ የወፍ ጎጆ ያያል። ደስ ብሎታል። ሌሎቹ ወንዶች ልጆች ይህን ሲያውቁ ያፌዙበታል። ከፌዛቸው ለማምለጥ ሲል ሊንዳን በክፉ ስም ይሰድባታል። እንግዲህ ልጁ ሊንዳን ጠልቷት አልነበረም። የፈራው የጓደኞቹን ሳቅ ነው።

በዚያው ድራማ ውስጥ በ1957 የታየ ሌላ ክፍል አለ። ቢቨር ዓይኑ ጠቁሮ ወደ ቤት ይመጣል። አባቱ ልጁ ተመትቶ ዝም ማለቱ አልዋጥ ይላቸዋል፤ እንዴት ቡጢ እንደሚሰነዘር አሳይተው መልሰው ይልኩታል። በኋላ ዓይኑን የመታችው ሴት ልጅ መሆኗን ሲሰሙ ደንግጠው ሊያስቆሙት ይሯሯጣሉ። አባት «ምን ተፈጠረ? ማን ነው?» ብለው ሳይጠይቁ «ወንድ ሁን» ማለትን አስቀደሙ። ይህ በእኛም ቤት የሚደርስ ነገር ነው።

ሁለተኛው ከ1969 እስከ 1974 የታየው «ዘ ብሬዲ በንች» ነው። ሦስት ወንዶች ልጆች ያሉት አባትና ሦስት ሴቶች ልጆች ያሏት እናት ተጋብተው ስድስቱ ልጆች በአንድ ቤት ይኖራሉ። በመጀመሪያው ዓመት በታየ አንድ ክፍል ወንዶቹ በግቢው ውስጥ ያለችውን የመጫወቻ ጎጆ «ሴት አትገባባትም» ብለው ይከለክላሉ። ሴቶቹ መፈክር ይዘው ይሰለፋሉ፤ በኋላም ከእናታቸው ጋር የራሳቸውን ጎጆ ለመሥራት መዶሻ ያነሣሉ። ሥራው እየተበላሸ ሲሄድ ወንዶቹ ማየት አቅቷቸው ራሳቸው ገብተው ይሠሩላቸዋል። ሴቶቹ ጎጆውን አገኙ። ነገር ግን ይህን ያየ ልጅ «መዶሻ የወንድ ነው» የሚለውንም ይዞ ሊነሣ ይችላል።

በ1971 በታየ ክፍል ደግሞ ታላቂቱ ልጅ ማርሻ ወንድ የሚሠራውን ሴትም ትችላለች ብላ በወንድሟ የስካውት ቡድን ውስጥ ለመግባት ትፈተናለች። ፈተናውንም ታልፋለች። ከዚያ በኋላ ግን መግባቱን ትተወዋለች። ድራማው መቻሏን አሳየ፤ ከዚህ በላይ ለመሄድ ግን አልደፈረም።

ሦስተኛው ከ1984 እስከ 1992 የታየው «ዘ ኮዝቢ ሾው» ነው። የመሪ ተዋናዩ የቢል ኮዝቢ ስም በኋላ በወሲብ ጥቃት ክስ ተነሥቷል፤ በ2018 ጥፋተኛ ተባለ፣ በ2021 ፍርዱ ተሻረ። እኛ እዚህ የምንናገረው ስለ ድራማው ብቻ ነው። ቤተሰቡ ጥቁር ነው፤ አባት ሐኪም፣ እናት ጠበቃ ናቸው። አራት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አሏቸው። የመጨረሻዋ ልጅ ሩዲ ኬኒ የሚባል ጓደኛ አላት። ኬኒ «ሴት እንዲህ ናት፣ የሴት ሥራ ይህ ነው» እያለ ያስተምራታል። ይህን ከየት አመጣኸው ቢባል መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ወንድሜ ነው የነገረኝ።» ራሱ አስቦት አያውቅም፤ የሰማውን ይደግማል።

በዚሁ ድራማ ውስጥ የታላቂቱ ልጅ እጮኛ፣ የተማረች ጠበቃ ለባሏ ቡና ማቅረቧ ይገርመዋል። እናትየው ይህ ሎሌነት እንዳልሆነ፣ ባሏም ለእርሷ እንደዚሁ እንደሚያደርግ በቁጣ ታስረዳዋለች። ቡናን እንደምናከብር ሰዎች ይህን ክፍል ብንወድደው አያስደንቅም።

እንግዲህ ለእኒያ እናት ምን እንመልስ? ይህ የአገሩ ሥርዓት አይደለም። ከቴሌቪዥን ብቻም የመጣ አይደለም። በዚያ ዕድሜ ወንዱ ከወንድ፣ ሴቷም ከሴት ጋር መጫወትን መምረጣቸው በብዙ አገር የሚታይ ነው፤ ከጊዜ ጋርም ይለወጣል። ስለዚህ አንደንግጥ። ነገር ግን የጨዋታ ጓደኛን መምረጥና እኅትን ማዋረድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን በትዕግሥት እንለፈው፤ ሁለተኛውን ግን ስቀን አንለፈው። በሁለቱ ድራማዎች፣ በቢቨርና በብሬዲ ውስጥ የሚሰማው ሳቅ በመሣሪያ የተጨመረ ነው። በቤታችን ውስጥ ያለው ሳቅ ግን የእኛው የራሳችን ነው፤ ልጁም የሚሰማው ይህንኑ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በባዕድ ፊልም ላይ መጣልም አይገባም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት የእኛው ነው። ሲያለቅስ «እንደ ሴት» ብለን የምንገሥጸው፣ ዛፍ የወጣችውን ልጅ «ወንዳ ወንድ» የምንል እኛው ነን።

ስለዚህ ወላጆችን የምንመክረው ይህ ነው።

ልጆች ቴሌቪዥን ሲያዩ አጠገባቸው ተቀመጡ። ቋንቋውን ባታውቁትም አትፈሩ፤ ልጁ ያስረዳችሁ። ሲስቅ «ምን አሳቀህ? እርሷስ ምን የተሰማት ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። እንዲህ ሲሆን አስተርጓሚው እርሱ ቢሆንም ወላጆቹ እናንተ ናችሁ።

ሥራን አካፍሉ። ሴቷ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ ሳህን ስታጥብ፣ ደብዳቤም ስትተረጉም፣ ወንዱ ኳስ ይዞ የሚወጣ ከሆነ ምክራችሁ ሁሉ ከንቱ ነው።

ክፉ ቃሉን ከየት እንደሰማው ሳትቆጡ ጠይቁት። ምናልባት እንደ ቢቨር በክፍል ውስጥ የሚፌዝበት ልጅ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዳችሁ መምህርቱን አነጋግሩ። ቋንቋው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ እንዲገኝላችሁ ጠይቁ።

እኒያ እናት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከባለቤታቸው ጋር ተመልሰው መጡ። አባትየው በዚህ ጊዜ አልሳቁም። ልጃቸውን አስቀምጠው አንድ ነገር ነግረውታል። እርሳቸው ሕፃን ሳሉ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻቸው ታላቅ እኅታቸው ናት። እርሷ ዛሬም ጎንደር ሆና ተራዋን ትጠባበቃለች። «እኔ እኅቴን ለማየት ስንት ዓመት እንደምጠብቅ አላውቅም፤ ያንተ እኅት ግን አጠገብህ ናት» አሉት።

ልጁ ምን እንደመለሰ ጠየቅናቸው። ምንም አልመለሰም አሉ። በማግሥቱ ግን ተነሥቶ ሶፋው ላይ ለእኅቱ ቦታ ለቀቀላት። አሁን የሚጣሉት የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ ማን ይይዛል በሚለው ነው። ይህ ጠብ እኛ ዘንድ የሚያስመጣ አይደለም።