አማላጅና መራጭ፤ የርዳታ ስንዴ በማን ድምፅ ይወሰናል?

የርዳታ ስንዴ መሐል ሜዳ መጋዘን ከመግባቱ፣ ጅቡቲ ወደብ ከመራገፉ፣ መርከብ ላይም ከመጫኑ አስቀድሞ በአንድ ሩቅ አገር ምክር ቤት ድምፅ የተሰጠበት የበጀት መስመር ነው። ይህን በሚገባ ያላጤነ ሰው ርዳታን ወይ እንደ ቸርነት ስጦታ ያመሰግነዋል፤ ወይ እንደ ተንኮል ወጥመድ ይረግመዋል። ሁለቱም አመለካከቶች ከፊል እውነት ቢኖራቸውም ዋናውን ጥያቄ ያድበሰብሱታል። ይኸውም በዚያ ምክር ቤት ውስጥ ስለ ተራበው ገበሬ የሚናገረው ማን ነው? የሚናገረውስ በምን ኃይል ተመክቶ ነው?

የመንዝና የግሼን ደጋ ተጨባጭ ሁኔታ የሚያውቅ አንባቢ ጥያቄው የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ ይገነዘባል። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ባለው በጓሳ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ ኑሮው የተመሠረተው በገብስና በበግ ላይ ነው። ብዙው ደግሞ የበልግን ዝናብ ጠብቆ የሚያርስ ነው። በልጉ ከዘገየ ወይም ውርጭ ዛላውን ከመታው ዓመቱ ሙሉ ይበላሻል። በጀማና በወንጭት ሸለቆዎች የተከበበው የመርሐ ቤቴ ገበሬም በመሬት መራቆት ምክንያት ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለውም። በ1977 ዓ.ም. ረሀቡ ሰሜን ሸዋን ሲያዳርስ ከመንዝና ከግሼ ተዳፋት በስተምሥራቅ ባለው በአንጾኪያ ሸለቆ የምግብ መጠለያ ከፍቶ የነበረው ወርልድ ቪዥን የተባለው የክርስቲያን ድርጅት ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህም ሕዝቡ በተለምዶ ሴፍቲኔት ብሎ የሚጠራው ፕሮግራም ለእነዚህ ወረዳዎች የኑሮ አካል ሆኗል። አንዲት የግሼ እናት እርከን ሠርታ የምትቀበለው እህል ወይም ብር የበርካታ አገሮች የገንዘብ ውሳኔ ውጤት ነው።

በአገራችን ምእመን ዘንድ አማላጅ ምን እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። ለጋብቻ ሽማግሌ ይላካል፤ ለደም ካህን ይገባል፤ በሰማይም ጻድቃንና ሰማዕታት ያማልዳሉ። አማላጅ የሚሰማው በሚለመነው ፊት ሞገስ ስላለው ነው። በአሜሪካ ስለ ውጭ ርዳታ ሕግ አውጪዎችን የሚለምኑ ምእመናንም ከዚህ የራቀ ተግባር አይፈጽሙም፤ ሞገሳቸው ግን ከጽድቃቸው የሚመነጭ ሳይሆን መራጮች ከመሆናቸው ነው። አርተር ሳይመን የተባሉ የሉተራውያን ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1974 «ብሬድ ፎር ዘ ወርልድ» የተሰኘውን ማኅበር ሲያቋቁሙ የተነሡት ከዚህ ግንዛቤ ነው። ማኅበሩ ስንዴ አያድልም፤ መጋዘንም የለውም። ሥራው ደብዳቤ ማስጻፍ ነው። አባል የሆኑ ምእመናን ለእንደራሴዎቻቸው የጻፏቸውን ደብዳቤዎች በእሑድ ጸሎት ጊዜ ከገንዘብ መባው ጋር አብረው ያቀርባሉ፤ ከዚያም ወደ ዋሽንግተን ይላካሉ። ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ብር እንደሚጣል የመራጭ ቃል ሲጣል ማየት ለእኛ እንግዳ ነገር ነው።

የደብዳቤ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ፣ የትስ ላይ እንደሚቆም በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል። የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ቄስም የነበሩት ሴናተር ጆን ዳንፎርዝ እ.ኤ.አ. በ1984 መጀመሪያ የአፍሪካን ድርቅ ጎብኝተው የተራቡ ሰዎችን ፎቶግራፎች ለፕሬዚዳንት ሬገን አሳዩ። አብያተ ክርስቲያናትም አቤቱታቸውን አበረቱ። ሆኖም ለአፍሪካ ምግብ ከታሰበው ገንዘብ ከፊሉ በመካከለኛው አሜሪካ ለሚካሄደው ጦርነት ከሚውል ገንዘብ ጋር በአንድ ረቂቅ ታስሮ ለወራት ተጓተተ። ለስንዴ እጁን ሊያወጣ የወደደ እንደራሴ ለጥይትም እንዲያወጣ ተጠየቀ ማለት ነው። በእኛም በኩል በዚያው ክረምት የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሲደገስ የረሀቡ ዜና ተሸፋፍኖ እንደ ነበር መካድ አይቻልም። ሬሳ በየመንገዱ ሲወድቅ በሁለቱም መዲናዎች ሌላ ጉዳይ ነበር የሚቀድመው። የረሀቡ ምስል በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በዓለም ቴሌቪዥኖች ከታየ በኋላ ግን ምክር ቤቱ ለአፍሪካ ረሀብ በአስቸኳይ ሕግ ለማውጣት በቃ። በእንደራሴዎች ምክር ቤት የረሀብ ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ሚኪ ሌላንድም ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ሲያመሩ አውሮፕላናቸው ተከስክሶ አብረዋቸው ከተሳፈሩት 15 ሰዎች ጋር በአገራችን ምድር ሕይወታቸው አልፏል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነጥብ ሳይነሣ አይታለፍም። ምልጃው ንጹሕ ቢሆን እንኳ የሚፈጸምበት ሥርዓት የጥቅም ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የምግብ ርዳታ ሕግ የተወለደው የአሜሪካ ገበሬ ካመረተው ትርፍ እህል ነው። ሌላ የአሜሪካ ሕግም የተወሰነው የርዳታ እህል መጠን የአሜሪካን ባንዲራ በሚያውለበልቡ መርከቦች እንዲጫን ስለሚያስገድድ የመርከብ ባለቤቶችም ለረሀብተኛው «ተቆርቋሪ» ሆነው ቆይተዋል። ከዚህም በላይ እህሉን ተረክበው የሚያከፋፍሉት አንዳንድ የቤተ ክርስቲያን ድርጅቶች ራሳቸው ለርዳታው በጀት ይከራከራሉ፤ አማላጁ የስለቱ ተቀባይም ሆነ እንደማለት ነው። ይህ ሁሉ ምልጃውን ሐሰት አያደርገውም። የእህሉን ጉዞ ለመረዳት ግን የገበሬውን፣ የመርከበኛውንና የምእመኑን ድምፅ አንድ ላይ መቁጠር ያስፈልጋል።

ጥቅም በሌለበትም ምልጃ የሠራበት ጊዜ አለ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ «ኢዮቤልዩ 2000» በሚል ስም የተነሣው ንቅናቄ መነሻውን ያደረገው ዕዳ የሚሰረይበትን የኦሪት ዘሌዋውያን ዓመት ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በእንግሊዝ በርሚንግሃም ከተማ 70,000 ያህል ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው የባለጸጎቹን መንግሥታት መሪዎች ከበቡ፤ በአሜሪካም ምእመናን ባደረጉት ግፊት ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ለዕዳ ስረዛ 435 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ኢትዮጵያ በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. የዕዳ ቅነሳው ተጠቃሚ ለመሆን የሚያበቃትን ደረጃ አሟላች። በዚህ ውሳኔ መርከብም፣ ትርፍ እህልም አልተጠቀሙም።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የርዳታ እህል ወደ ገበያና ወደ ወፍጮ ቤት መዛወሩ ሲደረስበት አሜሪካና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ እደላውን አቆሙ። ለወራት የተቀጣው ስንዴውን የሰረቀው ሳይሆን ስንዴውን የሚጠብቀው ነበር። የተሰረቀ እያንዳንዱ ኩንታል በዋሽንግተን ደብዳቤ የሚጽፈውን ምእመን ክርክር እንደሚያዳክም የእኛ ሰዎች ያሰቡበት አይመስልም። ቀጥሎም ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በመንዝ እንደ ሌላው አገር ሁሉ የቃና ዘገሊላ ዕለት የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ሲሸኝ፣ አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ ልማት ርዳታ ለ90 ቀናት እንዲታገድ ፈረሙ። ሰኔ 24 ቀንም ዩኤስኤድ የተባለው መሥሪያ ቤት ሥራውን አቆመ። የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤና «ብሬድ ፎር ዘ ወርልድ» ምእመናን ለእንደራሴዎቻቸው እንዲጽፉ ጥሪ አቀረቡ። በሐምሌ ወር ምክር ቤቱ ከጸደቀው በጀት 9 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲሰርዝ 8 ቢሊዮኑ ገደማ የውጭ ርዳታ ነበር። በእንደራሴዎች ምክር ቤት የመጨረሻው ውጤት 216 ለ213 ሆነ። የምልጃው ፍሬ ቢኖር በሴኔት ከስረዛው የወጣው ለኤች አይ ቪ ሕክምና የተያዘው 400 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ሦስት ድምፅ! የግሼ ገበሬ ከእነዚህ 429 ሰዎች አንዱንም አልመረጠም፤ አንዱንም ሊያወርድ አይችልም።

ሌላ መንገድ የለም ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ መርሐ ቤቴን ሊጠቅስ ይችላል። ኦስትሪያዊው ተዋናይ ካርልሃይንስ ቦም እ.ኤ.አ. በ1981 በጀርመን ቴሌቪዥን ሕዝቡን በቀጥታ ለምኖ «ሰዎች ለሰዎች»ን አቋቋመ፤ ድርጅቱም በዓለም ከተማ የእናት ሆስፒታልን አሠራ። ሕግ አውጪ አልተለመነም። የግለሰቦች ልግስና ሆስፒታል ይሠራል፤ በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ መመገብ ግን የመንግሥታት በጀት ጉዳይ ነው። እናም ወደ ምክር ቤት መመለሳችን አይቀርም።

ታዲያ የትኛው ምክር ቤት? የእኛ አብያተ ክርስቲያናት በልማት ጉዳይ ድምፅ አልባ ሆነው አያውቁም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ ለጋሾች ወንጌልንና ልማትን እየነጣጠሉ ገንዘብ ማደላቸውን ተቃውማለች። በ1965 ዓ.ም. ከወሎው ረሀብ የተነሣ የክርስቲያን ርዳታ ድርጅቶች ማኅበር ተመሠረተ። ሁሉም ግን ፊታቸውን ያዞሩት በአብዛኛው ወደ ውጭ ለጋሽ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳዮች እንዳይሠሩ በማገዱ የሃይማኖት ተቋማት የልማት ክንፎች አፍ ይበልጥ ተለጎመ። አዋጅ ቁጥር 1113 በ2011 ዓ.ም. ያንን እገዳ አንሥቷል። አዋጁ ከወጣ ወዲህ ምእመናን ለሴፍቲኔት የሚያዘውን የአገር ውስጥ በጀት በተመለከተ ለወረዳቸው ተመራጭ ደብዳቤ ሲጽፉ የሰማ ካለ ጸሐፊው ለመማር ዝግጁ ነው።

የደጋው ሕዝብ በጋራ መወሰን አያውቅም የሚል ካለ ጓሳን ይጠይቅ። ለ400 ዓመታት ያህል፣ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ፣ የመንዝ ገበሬዎች ሣሩ መቼ እንደሚታጨድና መቼ እንደሚዘጋ የወሰኑት በቄሮ ሥርዓት (ከቅርቡ ዘመን የወጣቶች ስያሜ ጋር አይምታታ)፣ ራሳቸው በመረጧቸው አለቆች ነበር። ጥሶ የተገኘ ይቀጣ ነበር፤ አቤት የሚባለውም እዚያው ነበር።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የዓመቱን በጀት የሚያጸድቀው ሐምሌ 1 ቀን የሚጀምረው የበጀት ዓመት ከመግባቱ በፊት፣ በሰኔ ነው። የመንዝ የበልግ ገብስ መያዝ አለመያዙ የሚታወቀውም በሰኔ ነው። ደብዳቤው በግንቦት ቢጻፍ ይደርሳል።