የተማሪን የእንግሊዝኛ ድርሰት ስለ ማረም

ክቡራን ወላጆችና መምህራን፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አብዛኛውን ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የሚቀበል ተማሪ አጭር ድርሰት ሲጽፍ፣ ዐረፍተ ነገሩ በነጠላ ሰረዝ እየተቀጣጠለ መድረሻ ቢያጣ፣ ነገሩን ከስንፍና እንዳንቈጥረው በትሕትና አሳስባለሁ፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ሰዋስው የሚመነጭ ነውና።

በአማርኛ «ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ሄደ» ስንል፣ ሦስቱ ቦዝ አንቀጾች በመጨረሻው ማሰሪያ አንቀጽ ተጠቃለው አንድ ምሉዕ ዐረፍተ ነገር ይሆናሉ፤ ተማሪው ግን ይህንኑ ሥርዐት ተከትሎ «ሂ ዎክ አፕ፣ ሂ ዎሽድ ሂዝ ፌስ፣ ሂ ኤት ብሬክፈስት፣ ሂ ዌንት» ብሎ ቢጽፍ፣ እያንዳንዱ ግሥ ከራሱ ባለቤት ጋር ሙሉ ዐረፍተ ነገር ስለሆነ፣ ነጠላ ሰረዝ ብቻውን ሊያያይዛቸው አይበቃም።

ስለዚህ ተማሪው ጽሑፉን ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ ከየግሡ ሥር ያስምር፣ የግሡንም ባለቤት ይፈልግ፤ ሁለቱ ተሟልተው በተገኙበት ስፍራ ወይ ነጥብ ያሳርፍ፣ ወይም «ኤንድ»ንና «አፍተር»ን በመሰለ መስተጻምር ያያይዝ።

እኛም ስሕተቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ በቀይ ቀለም አንሸፍነው፤ በዚህ ሳምንት የዐረፍተ ነገርን ወሰን፣ በሚቀጥለው የግሥን ጊዜ ብቻ ብናርም፣ ልቡ ሳይሰበር ይማራል። ከሁሉ በላይ ግን የቤት ሥራውን ራሳችን ከመጻፍ እንቈጠብ፤ እኛ የጻፍንለት ድርሰት ለዚያ ቀን ነጥብ ያስገኝለት ይሆናል እንጂ፣ በፈተና ዕለት ብቻውን ሲቀመጥ አይረዳውም።